የጎረቤቴ ጣሪያ በመንገድ ሲሄድ

ልጄ ባለፈው ጥር ከአይሱዙው ወርዶ ግቢዬ ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ አንገቱን ወደ ጣሪያዬ አንጋጠጠ። እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ጣሪያ ያያል!

«ደህና ነህ ወይ? እኔ እኮ እዚህ ታች ነኝ» አልኩት።

አልሳቀም። ጣቱን ሽቅብ ቀስሮ «እማ፣ ይሄ ነገር ሰማይ እያሳየ ነው» አለ።

እውነቱን ነው፣ ያሳያል። ሳሩ አርጅቷል፣ ቀርቀሃው ነቅዟል፣ አንዱ ጎን እንደኔ ጎብጧል። ቀን ጋደም ስል ፀሐዩ በቀዳዳው ገብቶ መደቡ ላይ ይነጠባጠባል። እኔማ ወድጄው ነበረ። ነጠብጣቡ ከመደቡ ጫፍ ሲደርስ ዙህር ደረሰ ብዬ ለሶላት እነሳለሁ። ይሄን ስነግረው ይባስ ተናደደ።

«ክረምት ሳይገባ ይፍረስ። እኔ ጋ ክፍል አለሽ። ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ቆርቆሮው አዲስ ነው» አለ።

«ካላፈረስኩትስ?»

«ራሱ ይፈርሳል፣ አንቺን ይዞ።»

«ዝናብ ሳይጥል ከከደንኩትስ?»

«ከከደንሽው አፌን እዘጋለሁ። ግን በምን ትከድኚዋለሽ?» አለኝ።

እሱ ነው ጥያቄው። አሶሳ ላይ ዝናቡ በሚያዝያ ማለቂያ ግድም ይጀምራል። እስከዚያ ጣሪያ ካላገኘሁ ቤቴም የለ፣ ሰፈሬም የለ። የልጄ ሰፈር ሩቅ ነው፣ አዲስ ነው፣ ሰዉ በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው። አንድ እንኳ የምትሰድበው ሰው አታገኝም። እኔ ደግሞ ሰው ሳልሰድብ ምሳ አይወርድልኝም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ የልጄ ልጅ ትጽፋለች። አባትሽን የማማበት ቦታ ስትደርሺ እንዳታልፊው ብያታለሁ።

ቤቴን ላሳያችሁ። ክብ ናት። ግድግዳዋ የተሰነጠቀ ቀርቀሃ ነው፣ እንደ ሰሌን ተጠላልፎ በጭቃ የተለሰነ። ላይዋ ሳር። ከገበያው ጀርባ ባለው በድሮው ሰፈራችን ሁሉም ቤት እንደዚህ ነበረ። አንድ በአንድ ቆርቆሮ ለበሱና የኔና የጎረቤቴ ብቻ ቀሩ፣ በባዶ ድድ ላይ እንደተረፉ ሁለት ጥርሶች።

ጎረቤቴ የበርታ ሴት ናት፣ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አሶሳ። አማርኛ ስታወራኝ እስከ ዛሬ «አንተ» ትለኛለች። የኔን በርታኛ ሲሰሙ ደግሞ የሷ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ይንከባለላሉ። ስለዚህ እኩል ነን። እሷ «ኡኽቲ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። እኔ «እታለም» እላታለሁ።

ያገናኘን ቤት ነው። እኔ ከወሎ በሰፈራ ነው የመጣሁት፣ ልጅ እግር ሆኜ፣ ከባሌ ጋር። ትንሽ ጊዜ ገጠር መንደር ተቀመጥንና ባሌ ከተማ ሥራ ሲያገኝ እዚህ ቦታ ተሰጠን፣ ከእታለም አጥር አጠገብ። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ምክር የማይሰማ ሰው ነበረ። «ቤት መሥራት ደግሞ ማን ሊያስተምረኝ ነው!» ብሎ ልክ እንደ አገራችን ሠራው። ወፍራም እንጨት መሬት ቀበረ፣ ጭቃውን በጭድ አቡክቶ እንደ ጋቢ ደራረበው። መስኮት የለ፣ በሩ ጠባብ። ብርድ እንዳይገባ! እንዴ፣ አሶሳ ላይ ምን ብርድ አለ? ትተነው የመጣነውን የወሎን ብርድ ፈርቶ እኮ ነው።

ቀን እንደ ዳቦ በሰልንበት። ይሄ ሳያንስ ምስጡ መጣ። በዓመቱ ባሌ እንደ ልማዱ ከሥራ ገብቶ የበሩን ምሰሶ ደገፍ ሲል እንጨቱ እጁ ላይ ፍርክስክስ አለ። ቅርፊቱ ብቻ ነበረ የቀረው። እታለም ከአጥሩ በላይ አይታ እየሳቀች ጮኸች፦

«ኡኽቲ! ባልህ ለምስጥ ምሳ ሠራ!»

ባሌ ተቆጣ። እኔ ግን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ጓሮ ሄድኩ። ማምሻውን ደግሞ እታለም የሠራችውን ገንፎ በባሚያ ይዛ መጣች። ሰድባ የምታበላ ሰው እንዴት ትጣላዋለህ?

እሷ ናት ያስተማረችን። ለጋው ቀርቀሃ ቆንጆ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ግን ነቀዝ ይወደዋል፣ አትቁረጡት አለች። የበሰለውን፣ ያውም ዝናቡ ካለፈ በኋላ። በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን እየሰማች ትመርጥ ነበረ፣ ሐብሐብ እንደምትመርጥ። ጣሪያና ግድግዳው መሃል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ አለች። እሳቱን ደግሞ ቤት ውስጥ አንድዱ፣ ጭሱ ቀርቀሃውን ሲያጠቁረው ነቀዝ ጥርሱ አይገባበትም አለች። ባሌ ይሄን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ያን ቀን ነው የወደድኳት።

ጣሪያው ግን! ጣሪያውን እነሱ መሬት ላይ ነው የሚሠሩት፣ እንደ ትልቅ የተደፋ ቅርጫት። ከዚያ የሰፈሩ ወንድ ይጠራና ባንዴ አንስተው ግድግዳው ላይ ይደፉታል። እነሱ ነፊር ይሉታል፣ እኛ ወሎ ጅጌ የምንለው ነው። የኛው ሲነሳ ከታች እግር ብቻ ስለሚታይ፣ እኔ ሰዎቹ ስር መኖራቸውን ረስቼ «ቤቱ ሄደ!» ብዬ ጮህኩ። ያን ጩኸቴን እታለም ሰርግ በሄደችበት ሁሉ ታወራዋለች።

አልሐምዱሊላህ፣ በዚያች ቤት ወልጄባታለሁ፣ ታምሜ ድኜባታለሁ። የተኛሁበት አልጋ ቀርቀሃ፣ አጥሬ ቀርቀሃ፣ ዘንቢሌ ቀርቀሃ፣ የማሽላ ጎታዬ ቀርቀሃ። ክረምት ላይ ቡቃያውን ቀቅለን ወጥ እንሠራለን። እስቲ ይታያችሁ፣ በበላሁት ተክል ላይ ተኝቼ፣ በዚያው ተክል ስር! ከከተማው ትንሽ ወጣ ካልክ ጫካው እንደ ግድግዳ ይቆምብህ ነበረ፣ ነፋስ ሲመጣ ይንሾካሾካል።

አንድ ዓመት ታዲያ ቀርቀሃው አበበ። እኔ የደጋዋ ሞኝ ደስ አለኝ። ሮጬ «እታለም፣ ጫካው አብቧል! ጥጋብ ነው!» አልኳት። እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አይ ኡኽቲ። ይሄ እኮ መሰናበት ነው። አንዴ ያብባል፣ ይሞታል።»

እናቷ እንደነገረቻት አንድ ሰው በዕድሜው ያን አበባ ቢያይ አንዴ ነው። እሷም የዚያን ዕለት ነው ያየችው። ፍሬው ረገፈ፣ አይጡ ከየት መጣ ሳይባል ምድሩን ሞላው፣ ጫካው ቆሞ ደረቀ፣ ከዚያ እሳት በላው። ከፍሬው አዲስ ቢበቅልም ለመጎልመስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ማን ጊዜ ይስጠው? ከብቱ ረገጠው፣ ማረሻው ቀደመው። ያረሰው ደግሞ ሰው ነው፣ እኛ ሰፋሪዎቹም አለንበት። መብላት ነበረብን፣ በልተናል፣ አልዋሽም።

ቆርቆሮ የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ቆርቆሮን አላማም፣ እሳት አይፈራም፣ በየጊዜው ሳር እጨዱልኝ አይልም። በፊት ሳሩን ከሩቅ ተሸክመን የምናመጣ እኛ ሴቶቹ ነበርን። ወገቤ እስከዛሬ ቆርቆሮን ያመሰግናል። ግን በመጋቢት ቀትር ላይ ቆርቆሮ ቤት ግቡና ንገሩኝ። ልጄ ጋ ምሳ ስበላ ወጡ ነው የሚፈላው ወይስ እኔ እላለሁ። ማራገቢያ ገዝቷል፣ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ያየናል፣ እኛም እናየዋለን።

እንግዲህ ቀርቀሃ ፍለጋ ወጣሁ። ገበያ ሄድኩ። አንድ ጎረምሳ የጣት ውፍረት ያለው ቀርቀሃ አቁሞ ይሸጣል።

«ይሄ ለቤት ነው ወይስ ለጥርስ መፋቂያ?» አልኩት።

«እማማ፣ ለአጥር ነው። ወፍራሙ በጣም ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ እሱም ዘንድሮ የለም።»

ሳርም ጠየቅኩ። ሳሩ ለከብት ታስሮ ይሸጣል፣ አጭር ነው፣ የኔን ጣሪያ ሊያለብስ ቀርቶ ሹራብም አይሆነው። ልጄን «አንተ በየአገሩ ትነዳለህ፣ መንገድ ላይ ረጅም ሳር ካየህ...» ስለው፣ ሳልጨርስ «አላየሁም» አለ። የካቲት አለቀ። መጋቢት ገባ። ከምዕራብ በኩል ደመና ባየሁ ቁጥር ልቤ ዱብ ይላል፣ ለሰው ግን አላሳይም። እንዲያውም ዕቃዬን ማታ ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያየኝ፣ ማስተካከል ጀመርኩ፤ «ልትሄጂ ነው?» ሲሉኝ «አይ፣ አቧራ ላራግፍ» እላለሁ። ግን የባሌን ጋቢ ጠቅልዬ ከላይ አስቀምጬው ነበረ። ለመሄድ ነው።

አንድ ቀን እታለም መጥታ ከማንጎዬ ስር ተቀመጠች። ዝም። እሷ ዝም ስትል ጆሮዬ ይጮህብኛል።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም። ልጆቼ ቤቴን ሊያፈርስ ነው። ብሎኬት ሊሠራልኝ ነው።»

እኔ ላጽናናት አፌን ስከፍት፣ ለካ እሷ ደስ ብሏታል! «ሊሾ እፈልጋለሁ ኡኽቲ። ይታጠባል። አይጥ የለ። ጉልበቴ ጭቃ መለሰን ሰለቸው» አለች። ከዚያ ወደ ቤቴ አናት አየች። «ጣሪያዬ ግን ማገዶ እንዲሆን አልፈልግም። አንተ ውሰደው።»

ብድግ አልኩ። የሷን ጣሪያ ታውቁታላችሁ ወይ? አታውቁትም። ቀርቀሃው ጫካው ከማበቡ በፊት የተቆረጠ ነው፣ እሳቷን እንደኔ ወደ ጓሮ ስላላወጣች ጭስ ጠግቦ እንደ ቡና የጠቆረ፣ ጥፍር አይገባውም። ሳሩን ልጇ ካቻምና ነው የለወጠው። እንዲህ ያለ ጣሪያ ዛሬ ዓለምን ብትዞር አታገኝም።

«እንዴት አድርጌ እወስደዋለሁ?» አልኳት።

«በእግሩ ይመጣል» አለች።

ገመድ አመጣንና የኔን ግድግዳ ዙሪያውን ለካን፣ ያንኑ ገመድ ወስደን የሷን ለካን። የሷ ሰፋ አለ። «ያንተ ቤት ከሲታ ነው» አለችኝ። ሰፊ መሆኑ ግን ጥሩ ነው፣ ክፈፉ ራቅ ብሎ ግድግዳዬን ከዝናብ ይጠብቀዋል። የኔን አሮጌ ጣሪያ ልጆቿ አወረዱልኝ፣ ግድግዳዬ ራሱን እንደተላጨ ሰው ሆነ። እንግዲህ መመለስ የለም። ዝናብ ቢቀድመኝ ግድግዳው ራሱ ሟሙቶ ይሄዳል።

በእሑድ ጠዋት ሰፈሩ ተጠራ። የበርታ ሽማግሌዎች መጡ፣ ከኔ ጋር የመጡ የወሎ ሰዎች መጡ፣ በሰፈራችን የተከራዩ አስተማሪዎች መጡ፣ የባምባሲ ኦሮሞዎችም ለገበያ መጥተው ወሬ ሊያዩ ቆመው ትከሻቸውን አዋሱን። ወፍራም እንጨት በጣሪያው ስር አሳለፉ። አዛዡ የእታለም ወንድም ነው። በበርታኛ «ግራ!» ይላል፣ የኛዎቹ በአማርኛ «የትኛው ግራ?» ይላሉ፣ ጣሪያው እንደ ሰከረ ሰው ይዞራል። ያም ሆኖ ተነሳ። አናቱ ላይ የእታለም አውራ ዶሮ ነበረ፣ አልወርድም አለ፣ እንደ ባለሥልጣን ተቀምጦ ሄደ።

ከግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲደርስ አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን ይነፋል። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ቤት ሲያልፍ ቅድሚያ አይሰጥም እንዴ?»

«እማማ፣ ይሄ ሕግ የት ነው ያለው?»

«እኔ ጋ ነው። ሞተሩን አጥፋው።»

አጠፋው። ወርዶም ተሸከመ፣ አላህ ይስጠው።

የመብራት ገመዱ ጋ ሲደርሱ የጣሪያው ሹል ሊነካ ሆነ። ሴቶቹ ጮኽን። አዛዡ «ቁጭ!» አለና ሁሉም ጉልበታቸውን አጥፈው እንደ ዳክዬ እየተራመዱ አሳለፉት። ከጣሪያው ስር ሳቅና ማቃሰት አብሮ ይወጣል። ግቢዬ በር ላይ ደግሞ ማንጎው እምቢ አለ። «ቅርንጫፉ ይቆረጥ» አሉ። «አጥሬን አፍርሱ» አልኩ። አጥሩን አፈረሱ። ከዚያ «ቢስሚላህ!» ብለው ባንዴ አነሱት፣ ግድግዳዬ ላይ ሲያርፍ እንደ ደከመው ሰው እህህ ብሎ ተቀመጠ። እልል አልን። ገንፎ በባሚያ በሉ፣ ከርከዴ ጠጡ፣ መረቁኝና ሄዱ።

እኔም ቤቴ ልገባ ስል ግንባሬን ዷ!

ለካስ የእታለም ጣሪያ ፊት አለው። በሯ ጋ ሳሩ ከፍ ተደርጎ ተከርክሟል፣ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲገባ። ያ ግራ፣ ያ ቀኝ ሲባባሉ ፊቱን ወደ ጓሮ አዙረው አስቀመጡት። በበሬ በኩል ክፈፉ እስከ አፍንጫዬ ወርዷል። እታለም አይታ ሳቋ መሬት ላይ አስቀመጣት።

«ኡኽቲ፣ ጣሪያዬ እኮ ተቆጥቷል! ጀርባውን ሰጠህ!»

ወንድሟ ነገ እናዞረዋለን አለ። እኔ ደግሞ ከምዕራብ በኩል ያለውን ደመና አየሁና «ይተው፣ እኔ ጎንበስ እላለሁ፣ ለጎንበስ ማለት ሩቅ አይደለሁም» አልኩ። ደግሞስ ከሰዓት የሚያቃጥለኝ ፀሐይ በበሩ ነበረ የሚገባው፣ አሁን በር ላይ ጥላ ሆነልኝ።

ልጄ ወሬውን ከኔ አልሰማም። ሰው በስልክ ቪዲዮ ልኮለት አይቷል። «እማ፣ ባጃጅ ስታስቆሚ አየሁሽ» እያለ መጣ፣ እየሳቀ ገባ፣ ግንባሩን ዷ!

«ሰላም በል ነው የሚልህ» አልኩት።

ግንባሩን እያሸ ሽቅብ አየ። ሰማይ የለም። ቀርቀሃውን ይዞ ነቀነቀው፣ አልተነቃነቀም።

«አፍህን ዘጋህ?»

«ዝናቡን ልይና» አለ።

ዝናቡ የመጣው አንድ ቀን ከሰዓት ነበረ። ነፋሱ ቀደመ፣ ማንጎዬ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ወረደው። የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ባንዴ ጮኸ፣ ጆሮ አይሰማም። እኔ ቤት ውስጥ ሽሽሽ ብቻ። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ደረቅ። መደቡ፣ ደረቅ። ጋቢውን ፈታሁና ለበስኩት።

ልጄ በዚያ ዝናብ መጣ፣ ጣሪያው እናቴ ላይ ወደቀባት ብሎ መሆኑ ነው። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ዙሪያውን በእጁ ዳሰሰ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ ውሃው ከፀጉሩ ይንጠባጠባል። «እሺ፣ ዘጋሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ እዚያው ተኛ። ስንት ዓመት ሆነው እኔ ቤት ከተኛ!

ከሱ በኋላ እታለም ሻርፗን ራሷ ላይ ይዛ እየሮጠች መጣች። ብሎኬቷ እስኪያልቅ በልጇ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ናት። «ጆሮዬ ሊፈነዳ ነው!» ብላ ጎንበስ ብላ ገባች፣ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ጣሪያዋን አየች። እኔ የማመስገኛ ቃል እየፈለግኩ ነበረ፣ በአማርኛም በበርታኛም። በመሃል አንዲት ጠብታ ከላይ ወርዳ አፍንጫዋ ላይ አረፈች።

«ይሄ የኔ ጣሪያ አይደለም» አለች ወዲያው። «የኔ ጣሪያ አያፈስም። ያንተ ግድግዳ ነው ያጣመመው።»

«ፊቱን ያዞረው የማን ወንድም ነው?»

«ፊቱን ያዞረው ያንተ ወሎዬ ነው! ግራውን የማያውቅ!»

ልጄ በእንቅልፉ «ዝም በሉ» አለ። ከጠብታዋ ስር ኩባያ አስቀመጥን፣ ጠጋ ጠጋ አልን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን መጨቃጨቃችንን ቀጠልን።